የሲራክ ጫማ

ጀግና ሲወሳ ጦሩ ይወሳል፣ ጋሻው ይወሳል፣ ፈረስ ካለው ፈረሱ በስሙ ይጠራል። ስለ ጫማው ግን አንዲት ስንኝ የቋጠረ ማን አለ? ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ስለዚህ የሳርሜንን ታሪክ የምጀምረው ከእግር ነው፤ ያልጣመው የጦሩን ታሪክ ከአዝማሪ ቤት ሄዶ ያዳምጥ።

በሳርሜን ቤተ መንግሥት አንድ የብር ነጋሪት ነበረ። በክረምት መግቢያ ንጉሡ በገዛ እጁ ሲመታው ሰማዩ ሰምቶ ዝናሙን ይለቅ ነበር። በንጉሥ ሰርጸን ዘመን ግን ነጋሪቱን ለበዓል ወደ ድርማ ተራራ ይዘውት በወጡበት ቀን፣ ዶምባር የሚባለው አውሬ ከጭጋጉ ብቅ ብሎ ነጋሪቱን ከነተሸካሚዎቹ ዋጠው። ዶምባር ሁለት ጎጆ ተደራርቦ የሚያክል፣ ቆዳው እንደ ደረቀ ኩሬ የተሰነጣጠቀ፣ ጀርባው ላይ ቁጥቋጦ የበቀለበት ፍጡር ነው። ከዚያ ወዲህ በተራመደ ቁጥር ነጋሪቱ ከሆዱ ውስጥ ድም፣ ድም ይላል፤ ሰማዩ ግን ከአውሬ ሆድ ለሚሰማ ነጋሪት አይታዘዝም። ሦስት ክረምት እንዲሁ አለፈ። ወንዙ ጠጠር ብቻ ሆነ፣ ላሞች ቆመው ሞቱ፣ እናቶችም ለልጆቻቸው ውኃ በማንኪያ ማካፈል ጀመሩ።

ዶምባርን ነቅቶ ሳለ ጦር አይበሳውም። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት እንቅልፍ ካጣ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ቆዳውም እንደ ታሸ ሌጦ ይለሰልሳል። እንዳይተኛ የሚያደርገው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከኋላው የሚመጣ የሰው ኮቴ። ጸንቶ የሚራመደውን ይሸሻል፤ የሚያነክሰውን ወይም የቆመውን ሲሰማ ዞሮ ይመለስበታል። ፈረስና በቅሎ የሆዱን ነጋሪት ሲሰሙ መሬት ላይ ስለሚተኙ አደኑ በእግር ነው። እንግዲህ ጀግንነት የተባለው ሁሉ ተጨምቆ ሲወጣ ሰባት ቀን ሳያነክሱ መሄድ ነበር።

ታዲያ የሳርሜን ጌቶች ለዚህ መንገድ ምን ዓይነት ጫማ ይሰጡ ነበር መሰላችሁ? አዲስ! ትናንት ከፎርማ የወጣ፣ መሬት ያልነካ፣ በቀይ ቆዳ ተሰፍቶ በብር ክር የተጠለፈ። የተረገጠ ጫማ የትናንትን ዕድል ይዞ ይሄዳል ይላል ሥርዓታቸው። አዳኙ በዙፋኑ ፊት አዲሱን ይጫማል፣ ከምንጣፉም ተነሥቶ በቀጥታ ወደ በረሃው ይወርዳል። ጫማው እግሩን ጭምቅ አድርጎ መያዝ አለበት፤ የላላ ጫማ የላላ ልብ ምልክት ነውና። እኔ ሥርዓት አልጠላም። እግር ያልተጠየቀበት የጫማ ሥርዓት ግን ደሜን ያፈላዋል።

ጫማውን የሚሰፋው ጓንጉል ነበር፤ በፋቂዎች ሰፈር ከሁሉ የሚልቅ ባለ ወስፌ። ጌቶች ቆዳውን ይወዳሉ፣ ሽታውን ይጠየፋሉ፤ ስለዚህ የፋቂዎቹ ሰፈር ከከተማይቱ ግንብ ውጭ ነው። በሦስት ዓመት አሥራ አንድ አዳኝ በዕጣ ወጣ፣ አሥራ አንዱም በዚያው ቀሩ። ጫማቸው ግን ይመለስ ነበር፤ ዶምባር የለፋ ቆዳ አይበላም። የሟች ጫማ መንካት ለጨዋ ነውር ስለሆነ እንዲቀብረው ለጓንጉል ይሰጠዋል። ጓንጉልም ከመቅበሩ በፊት እጁን ወደ ውስጥ ሰድዶ ተረከዙን ይዳስሳል። አሥራ አንድ ጊዜ ዳሰሰ፣ አሥራ አንድ ጊዜም እጁ ደም ነክቶት ወጣ። ቤተ መንግሥት ሄዶ ሰዎቹን የሚገድላቸው ጫማው ነው ቢል፣ ፋቂ ስለ ጀግና ሞት ምን ያውቃል ብለው ሳቁበት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሉሃል ይኼ ነው።

አሥራ አንደኛው የገዛ ልጁ የሲራክ ጫማ ነበር። አባት በእጁ ሰፍቶ ሰጠው፣ በእጁ ደሙን ዳሰሰው። አንድ ነገር ብቻ ከሌሎቹ ይለያል፤ የሌሎቹ ማሰሪያ ተበጥሶ ነው የሚመጣው፣ የሲራክ ግን ቀስ ተብሎ በእጅ የተፈታ ነበር። ጓንጉል ይህን አየ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባውም።

ከዚህ የከፋም ነበረ። እያንዳንዱን አዳኝ ከሩቅ ተከትሎ፣ ጫማውን በበትሩ አንጠልጥሎ የሚመልስና አሟሟቱን ለሕዝብ የሚናገር ሊቀ ምስክር ቀጸላ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ስለ ዐሥሩ ሲዋጉ ወደቁ ብሎ መሰከረ። ስለ ፋቂው ልጅ ግን፣ ተቀምጦ ሞተ አለ። በሳርሜን ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውኃ ለመቅዳት የሚሰለፍ ሁሉ የጓንጉልን ቤት የተቀማጩ ቤት ይለው ጀመር።

ሲራክ እህት ነበረችው፣ ትብለጥ የምትባል። ለአባቷ ሌጦ ለማምጣት ከወንድሟ ጋር ሚዳቋና ጎሽ በእግሯ እየተከተለች ያደገች ልጅ ናት፤ አፏ እንደ ወስፌ ይዋጋል። በአራተኛው ዓመት መባቻ አንድ ማለዳ ነጋሪቱ ከድርማ ጀርባ ሲያስገመግም ተሰማና፣ ዐዋጅ ነጋሪው ለአሥራ ሁለተኛው ዕጣ ሰዉን ሰበሰበ። አንድ ልጅ የገበረ ቤት ዳግመኛ ዕጣ አይወጣበትም። ትብለጥ ግን ወደ መሐል ወጥታ ዕጣውን ተዉት፣ እኔ እሄዳለሁ አለች። ጎረቤቶቿ አበደች አሉ። አንዲት አሮጊት እጇን ይዛ ምን አጥተሽ ነው ብትላት፣ የወንድሜን ስም አጥቼ ነው ብላ መለሰችላት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጓንጉል ጠራትና እግርሽን አምጪው አላት። ጠዋት የሚለካ እግር ይዋሻል፤ ውሎ ሲያብጥ ነው እውነቱን የሚናገረው። ሦስት ጥንድ ጫማ ፊቷ ደረደረ። አንደኛው ለሥርዓቱ የጀመረው ቀዩ አዲስ ጫማ ነው። ሁለተኛው የራሷ አሮጌ፣ ሶሉ ከማለቁ የተነሣ ጠጠር የሚቆጠርበት። ሦስተኛው ሲራክ በሕይወት ሳለ የሚያድንበት፣ ቀዩን ተጫምቶ ከሄደ ጀምሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቀረው ነበር። ትብለጥ እጇን ወደ እርሱ ዘርግታ መለሰችው። የሟች ጫማ መጫማት በፋቂዎች ዘንድ እንኳ ያስፈራል።

«ወንድምሽን የገደለው ቀዩ ነው» አላት ጓንጉል። «በዚህኛው ሁለት ዓመት አድኗል፤ አንድ ቀን አላነከሰም።»

ከዚያ ነገሩን እንደ ልጅ ትምህርት አንድ በአንድ አሳያት። ቆዳው ከጎሽ ጀርባ የተቆረጠ ነው፤ የሆድ ቆዳ ለስላሳ ቢሆንም በሦስት ቀን ይለጠጣል። ስፌቱ በጅማት ድርብ ነው። ቁርጭምጭሚቱን አልፎ ይወጣል፣ ድንጋይ ላይ እግር እንዳይታጠፍ። ሶሉ ወፍራም ነው፣ ግን የእግር ጣት በሚታጠፍበት ቦታ እርሱም ይታጠፋል፤ የማይታጠፍ ሶል ተረከዝን እየፋቀ ያወጣዋል። የትብለጥ እግር ከወንድሟ ይጠባልና የበግ ፀጉር ንጣፍ አገባበት። ወፍራም የሱፍ ካልሲ አስለብሶ፣ የመንገዷን ስንቅ አሸክሞ፣ ቁልቁል አስወረዳት። ጣቶችሽ ፊት ለፊት ይመታሉ ወይ? አይመቱም። ተረከዝሽ ይነሣል ወይ? ትንሽ። ማሰሪያውን ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምዝዞ አጠበቀውና እንደገና አስወረዳት። አሁንስ? አሁን ያዘ።

ዕጣ ከወጣበት ቀን እስከ መሄጃው አርባ ቀን ነበር። ጓንጉል ጫማውን ከጉድጓዱ በተቀዳች የመጨረሻ እንስራ ውኃ ነክሮ እግሯ ላይ አጠለቀውና፣ እስኪደርቅ እንዳታወልቂው አላት። ውኃ አባከነ ብለው ጎረቤት ሊደበድቡት ምንም አልቀራቸውም። ደርቆ የእግሯን መልክ ሲይዝ ሞራ ቀባው። ከዚያ በየቀኑ ኮረብታውን ትወጣለች፣ ትወርዳለች። በመጀመሪያው ሳምንት አውራ ጣቷ ሥር ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ጠነከረ። ይህ ሁሉ ግን የሆነው በደጇ እንጂ በዶምባር ፊት አልነበረም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

የመሄጃዋ ዕለት ዙፋኑ ፊት ቀዩ ጫማ በሐር ትራስ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር። ትብለጥ ግን በሞራ የጠቆረውንና አፍንጫው የተፋፋቀውን ያንን የወንድሟን ጫማ ተጫምታ ምንጣፉ ላይ ወጣች። አዳራሹ ተንጫጫ። ጠባቂዎች ሊይዟት ሲጠጉ ጦሯን በምንጣፉ ላይ ተክላ እንዲህ ስትል ማለች።

«ሰማዩ ይስማ፣ ደረቁም ወንዝ ይስማ። ሥርዓታችሁን አሥራ አንድ ጊዜ አከበርነው፤ አሥራ አንድ ጊዜም የሟች ጫማ አፈር አለበስን። እኔ በወንድሜ ጫማ እሄዳለሁ። ሰባተኛው ቀን ሳይሞላ ብቀመጥ ስሜ ከሰው ስም ይጥፋ።»

ንጉሥ ሰርጸን ፊቱ ጠቆረ። ሊያስወጣት ቢል ዕጣው ቀርቷልና በምትኳ የሚሄድ የለም፤ እልል ብሎ ቢሸኛት ሥርዓቱ በአደባባይ ተዋረደ። በመጨረሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሂጂ» አላት። «ነጋሪቱን ይዘሽ ብትመጪ እንኳ ግን የዚህች ከተማ በር አይከፈትልሽም።»

«ይዘጋ፣ ጃንሆይ» አለች ትብለጥ። «ዝናሙ በጣሪያ በኩል ይገባል።»

ፋቂዎች ድሮም ከግንቡ ውጭ እንደሚኖሩ ንጉሡ የሚያውቅ አልመሰለም። በሩ ቢዘጋም ባይዘጋም የእነርሱ ቤት ከበሩ ውጭ ነው።

በድርማ ሥር የዶምባርን ዱካ አገኘችና መከተል ጀመረች። ሊቀ ምስክር ቀጸላ እንደ ልማዱ ከሩቅ ይከተላታል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ይህ ሽማግሌ በሦስት ዓመት አሥራ አንድ ጊዜ ያንን መንገድ ሄዶ የተመለሰ ሰው ነው። እግሩ ላይ ያለው ጫማ አሮጌ፣ ለስላሳ፣ ሰባት ጊዜ ሶል የተቀየረለት ነበር። የምስክርን እግር ማን ያያል? ትብለጥ ግን የፋቂ ልጅ ናትና በመጀመሪያው ቀን አየችው።

ያለ እንቅልፍ፣ መራራ ሥር እያኘከች፣ ቆላውን ዘልቃ የጠጠሩን ቁልቁለት ወረደች። ከፊቷ ነጋሪቱ ድም፣ ድም ይላል። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ አንድ ሰፊ ጥቁር ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ቀጸላ እርምጃውን ቀነሰ፤ እዚያ ሲደርስ መቆም ለምዶበታል። ትብለጥ ገባት። አሥራ አንዱም የቀሩት እዚህ ነው። እግሯን ሳታቆም ወንድሜም እዚሁ ተቀመጠ ወይ ብላ ጮኻ ጠየቀችው።

ሽማግሌው ሮጦ አጠገቧ ደረሰና ሁሉንም ነገራት። ዐሥሩ ተረከዛቸው ተልጦ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል፣ አውሬውም ዞሮ አግኝቷቸዋል። ሲራክ ግን አልተቀመጠም። ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ፈታ፣ የንጉሡን ጫማ ድንጋዩ ላይ አኖረና በባዶ እግሩ ግማሽ ቀን ሄደ። እግሩ ሲያልቅ በጉልበቱ ሄደ። ያንን እንዳለ መመስከር ማለት ጫማውን መክሰስ ነበር፣ ጫማውን መክሰስ ደግሞ ንጉሡን መክሰስ። ቀጸላ ፈራና ተቀመጠ አለ።

ትብለጥ እንባዋ እየወረደ ተራመደች። እዚያው ልትወጋው ፈልጋ ነበር፤ ለመውጋት ግን መቆም ያስፈልጋል። ሦስት ዓመት በለስላሳ ጫማህ ስትሄድ አላፈርክም ወይ አለችው፤ አንተ ስትለው እርሷም አልታወቃትም። ሽማግሌው አፍሬአለሁ ብሎ ከዚያ በኋላ ከጎኗ አልተለየም።

በአምስተኛው ቀን የባልጩቱ ሜዳ ደረሱ። እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ዳርቻው አይታይም። ከሰዓት በኋላ የግራው ሶል ጫፍ በረጅሙ ተሰንጥቆ አፉን ከፈተ። እንዲህ ሆና ብትቀጥል እስከ ምሽት እግሯ ያልቃል፤ ቆማ ብትሰፋው ኮቴ ይጠፋል፣ ዶምባርም ወይ ዞሮ ይመጣባታል ወይ ይተኛል፣ የአምስት ቀን መንገድም ከንቱ ይሆናል። እያነከሰች ወደ ፊት ብትል ነጋሪቱ ድንገት ዝግ አለ። አውሬው ጆሮውን ቀስሯል።

ቀጸላ በትሩን ጨበጠ። በሕይወቱ ከአዳኝ ፊት ቀድሞ ሄዶ አያውቅም። «ሰፍተሽ ድረሽብኝ» አላት። «ያልተቀመጠውን ተቀመጠ ያለው አፌ ነው፤ እግሬ ይክፈልለት።»

ድንጋዩን በተረከዙ አጥብቆ እየረገጠ ሄደ። ነጋሪቱ እንደገና መራቅ ጀመረ። ትብለጥ ተንበርክካ አባቷ መቀነቷ ውስጥ ያኖረላትን ወስፌና ጅማት አወጣች። መጣደፍ ፈለገች፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይል የነበረው የሲራክ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣባትና እያንዳንዱን ስፌት ድርብ አድርጋ አጠበቀች። ስትጨርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ተነሥታ ረገጠችው፤ ያዘ።

ሌሊቱን ሙሉ ተከትላ በማለዳ ቀጸላን በአንድ ሸለቆ አፍ ላይ አገኘችው። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሌሊቱን ብቻውን ዶምባርን ሲነዳ አድሮ ጉልበቱ ከድቶታል። መራመድ ሲያቅተው በትሩን ተደግፎ ባለበት መሬቱን እየረገጠ ኮቴ ያሰማ ነበር። አውሬው ግን ድካሙን ሰምቶ ዞረና በአንድ ምት ደረቱን ሰበረው። የትብለጥን ጽኑ እርምጃ ሲሰማ ነው ትቶት የሸሸው። ሽማግሌው በትሩን ሸለቆው ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ በበትሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቆሟል።

«አልተቀመጥሁም» አላት። «መስክሪ።»

እየተራመደች ጉንጩን በእጇ ነካችው፤ መቆም አልቻለችም። ዞር ብላ ስታይ እንደቆመ አርፏል።

በሰባተኛው ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነጋሪቱ ተዘበራረቀ። የዶምባር የፊት እግሩ ታጠፈ፣ ከዚያ የኋላው፣ የጀርባው ቁጥቋጦ ሁሉ ተንቀጥቅጦ መሬት ላይ ተኛ። ትብለጥ ወንድሜ ሆይ ብላ ጦሯን ከአንገቱ ሥር ሰደደችው፤ ቆዳው ለስልሶ ነበርና ገባ። የብር ነጋሪቱን ከሆዱ አውጥታ በጀርባዋ አዘለችው። ስትመለስ የቀጸላን ጫማ አውልቃ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። አስከሬኑን ከሸለቆው አፍ በድንጋይ ከመረችበት።

ሳርሜን ስትደርስ በሩ እንደተባለው ተዘግቷል። ቀና ብላም አላየችው። ወደ ፋቂዎቹ ሰፈር ሄዳ ነጋሪቱን አባቷ ደጅ ላይ አስቀመጠችና፣ ንጉሡ ከፈለገው ይምጣ አለች። ሥርዓቱ እንደሆነ ነጋሪቱ ለንጉሥ እጅ ብቻ ይታዘዛል፤ ይህችን እንኳ አልሻረችም። የተጠማ ሕዝብ በግንቡ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮኽ በሩ ተከፈተና ንጉሥ ሰርጸን ወጣ፤ በአዲስ የወርቅ ጫማ፣ በእግሩ፣ በአቧራ ውስጥ። መቶ እርምጃ ሳይሞላው ማነከስ ጀመረ።

ትብለጥ በነጋሪቱ ፊት ቆማ አላሳልፈውም አለች። ጥቁሩ ድንጋይ ጋ የሆነውን፣ የተፈታውን ማሰሪያ፣ የባዶ እግሩን ግማሽ ቀን ለሕዝቡ ሁሉ ተናገረች። ቀጸላ መዋሸቱን ተናገረች፣ ጫማውን ከአንገቷ አውርዳ እያሳየችም ቆሞ መሞቱን መሰከረችለት። ከዚያ ወደ ንጉሡ ዞረች።

«መጀመሪያ የወንድሜን ስም ይመልሱ፣ ጃንሆይ።»

ንጉሡ ሰማዩን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ የሚያቃጥለውን ተረከዙን አሰበ። «ሲራክ የጓንጉል ልጅ» አለ በመጨረሻ፣ ሁሉ እየሰማው፣ «አልተቀመጠም። የገደልነው እኛ ነን።» ያን ጊዜ ትብለጥ ገለል አለችለት። ነጋሪቱን ሦስት ጊዜ መታው። ድርማ ላይ ደመና ተከመረ፣ ነጎድጓድ መለሰ፣ ዝናሙም ወረደ። ሰዉ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ያለቅስ ነበር።

ጓንጉል ግን ዝናሙን አላየም። ልጁን ከደጃፉ ድንጋይ ላይ አስቀመጣት፤ ከሄደች ወዲህ መጀመሪያ መቀመጧ ያ ነበር። ማሰሪያውን በእጁ ፈታ፣ የሲራክን ጫማ ከእግሯ አወለቀ። ዝናሙ ጫማው ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። አሥራ አንድ ጊዜ እንዳደረገው ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ፣ ተረከዙ ጋ ደርሶ ረጅም ጊዜ ዳሰሰ። ከዚያ እጁን አወጣና አየው። ረጥቧል። ውኃ ነበር፤ ውኃ ብቻ።